አሮጌ ላንድክሩዘርን ከፍ ለማድረግ የሞላና የሾክ አብዞርበር አመራረጥ

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው የሚጠቅሙት በወቅቱ ሲደርሱ ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። የመዝሪያው ወቅት የሚውለው ደግሞ መንገዱ በሚበላሽበት በክረምት ነው። በዚህ ጊዜ ማኅበሩ የሚተማመነው በአራቱም ጎማ በሚነዳ አንድ አሮጌ ተሽከርካሪ ላይ ሊሆን ይችላል። ተሽከርካሪው በጭነት ተጎንብሶ ሲሄድ ወይም ሆዱ ከመንገዱ ጉብታ ጋር ሲጋጭ፣ «ከፍ ይደረግ» የሚል ሐሳብ ይነሣል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ይሁን እንጂ ያለ ጥናት የተገዛ ሞላ የማኅበሩን ገንዘብ ያባክናል፤ ምቹ የነበረውን ተሽከርካሪ ያንገጫግጫል፤ ከሁሉም በላይ የመሪውንና የፍሬኑን ሥራ አዛብቶ የሰው ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክር አንድ ነው፦ ሞላ የሚመረጠው ሊገኝ በሚፈለገው ከፍታ ሳይሆን ተሽከርካሪው ዘወትር በሚሸከመው ጭነት ነው። ከፍታው ከዚያ ተከትሎ የሚመጣ ነው።

ለምሳሌነት የተወሰደው ላንድክሩዘር 80 በመባል የሚታወቀው ነው። ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ቀርቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በላንድክሩዘር 100 ተተክቷል። ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል አለው። በአራቱም ማዕዘን የተገጠመለት ጥቅል ሞላ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ላንድክሩዘር 60 ግን በአራቱም ማዕዘን ባሌስትራ ነበረው። 80ው በምቾቱ የሚወደደው ሞላው ለስላሳ፣ የአክስሉም መውረጃና መውጫ ሰፊ በመሆኑ ነው። ከፍ ሲደረግ ሊጠበቅ የሚገባውም ይኸው ጠባዩ ነው።

2. ከፍ ማድረግ ምን ይሰጣል? ምን አይሰጥም?

ድፍን አክስል ባለው ተሽከርካሪ ላይ ለመሬት እጅግ የሚቀርበው ክፍል ዲፈረንሻሉ ነው። ዲፈረንሻሉ ያለው በአክስሉ ላይ ስለሆነ፣ ረጅም ሞላ መግጠም ከመሬት ያለውን ርቀት በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይጨምርም። ሞላው የሚያነሣው ከሞላው በላይ ያለውን ሁሉ ነው፤ ይኸውም ሻንሲውን፣ አካሉን፣ የነዳጅ ታንኩንና ፓራውልቱን ነው።

ስለዚህ ከፍ ያለ ሞላ የሚጠቅመው፦

ሀ) ወንዝ ዳርና ቦይ ሲወረድና ሲወጣ ፓራውልቱ አፈር እንዳይነካ፤
ለ) ጉብታ ሲታለፍ የተሽከርካሪው ሆድ እንዳይመታ፤
ሐ) ጭነት ሲኖር አክስሉ ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ቦታ እንዳያልቅ ነው።

ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን የሚያነሣው በዲያሜትሩ ላይ ከተጨመረው ግማሹን ያህል ነው። ለምሳሌ በ16 ቸርኬ ላይ ከ275/70 ወደ 285/75 ጎማ ቢቀየር፣ ዲያሜትሩ ከ79 ሳ.ሜ. ወደ 83 ሳ.ሜ. ገደማ ያድጋል፤ ዲፈረንሻሉ ግን ከፍ የሚለው 2 ሳ.ሜ. ያህል ብቻ ነው። የፍጥነት መለኪያውም 80 ኪ.ሜ. ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 84 ኪ.ሜ. ያህል ይሆናል።

በበቾና በአድአ ሜዳዎች እንደሚታየው ባለ ጥቁር ዋልካ አፈር፣ ዝናብ ሲጠግብ ጎማው ሰምጦ ዲፈረንሻሉ ጭቃውን እንደ ማረሻ ይገፋል። በእንዲህ ያለው ቦታ ለጭቃ ተስማሚ የሆነ ጥሩ ጥርስ ያለው ጎማ፣ አካፋና ሰንሰለት ከረጅም ሞላ ይልቅ ይረዳሉ። ችግሩ ጭቃ ብቻ ከሆነ ሞላ መግዛት መፍትሔ አይደለም።

3. ከፍታ የሚያስከፍለው ዋጋ

ተሽከርካሪው ከፍ ባለ ቁጥር የክብደቱ መሃል ከመሬት ይርቃል፤ በጎን ተዳፋትና በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ ዝንባሌው ይጨምራል። በፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫነው ጭነት ግን ከሞላው ይልቅ ብዙ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በምሳሌ እንመልከት። 2,300 ኪሎ የሚመዝን ተሽከርካሪ የክብደት መሃሉ ከመሬት 80 ሳ.ሜ. ላይ ነው እንበል። ሞላውን በ5 ሳ.ሜ. ብናስረዝም መሃሉ ወደ 85 ሳ.ሜ. ይጠጋል። ሞላውን ሳንነካ ሦስት የ50 ኪሎ ከረጢቶች ከመሬት በ210 ሳ.ሜ. ከፍታ ላይ ብንጭን ግን መሃሉ 88 ሳ.ሜ. ይደርሳል። ከፍ ያለ ሞላና የላይ ጭነት ሲደመሩ ወደ 93 ሳ.ሜ. ይጠጋል። ስለዚህም ሞላው ከፍ በተደረገ ተሽከርካሪ ላይ ማዳበሪያና እህል በፖርቶ መጋላ ላይ መጫን፣ ሰውንም በላይ ማሳፈር ፈጽሞ አይገባም።

በዚህ ምክንያት ለማኅበር አገልግሎት ከ5 ሳ.ሜ. የበለጠ ከፍታ አይመከርም። ከዚያ በላይ ሲኬድ መስተካከል የሚኖርባቸው ክፍሎች ቁጥርና ወጪ በፍጥነት ይጨምራል።

4. ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

ተሽከርካሪው የተጎነበሰው ወይም የሚንገጫገጨው ሞላው ስለደከመ ብቻ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በቅድሚያ የሚከተሉት ይመርመሩ፦

ሀ) የጎማ አየር። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ ጥሩ ሞላን ያስወቅሳል። በበሩ መቃን አጠገብ ወይም በመመሪያው መጽሐፍ ላይ የተጻፈው መጠን ይታይ።

ለ) የጎማ ቡሾች። አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ጫፍ ላይ ያሉት ቡሾች ከተሰነጠቁ፣ አዲስ ሞላ ቢገባም መንኳኳቱና መወዛወዙ አይጠፋም። ቡሾቹ ከሞላ ጋር ሲነጻጸሩ ርካሽ ስለሆኑ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል።

ሐ) ሾክ አብዞርበር። የዘይት መፍሰስ፣ የተጣመመ ዘንግና የላላ ማሰሪያ ይፈለግ። ተሽከርካሪው በጠጠር መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለት ሾኮች እጅን በጥንቃቄ አስጠግቶ ሙቀታቸው ይመዘን። አንዱ ሞቆ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ቀዝቃዛው ሥራውን አቁሟል ማለት ነው።

መ) የአራቱ ማዕዘን ከፍታ። ተሽከርካሪው በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት በሜትር ይለካና ይመዝገብ። ከመሬት ሳይሆን ከጎማው መሃል የሚለካው የጎማ መላላጥና የአየር መጠን ልኩን እንዳያሳስቱ ነው። ግራና ቀኙ በጉልህ ከተለያየ የደከመ ወይም የተሰበረ ሞላ አለ።

5. ጭነቱን ማወቅ

ሀ) የጭነት መዝገብ

ለአራት ሳምንታት ያህል በየቀኑ ስንት ሰውና ስንት ኪሎ እንደተጫነ ሹፌሩ በደብተር ይጻፍ። እንደ ምሳሌ፣ ከ20 የሥራ ቀናት ውስጥ በ14ቱ ሦስት ሰዎችና 100 ኪሎ ዕቃ፣ በ4ቱ 300 ኪሎ፣ በ2ቱ ብቻ 600 ኪሎ ተጭኖ ቢገኝ፣ ሞላው የሚመረጠው ለ14ቱና ለ4ቱ ቀናት እንጂ ለ2ቱ ቀናት አይደለም። ለ600 ኪሎ የተሠራ ሞላ በቀሩት ቀናት ባዶ ተሽከርካሪን ያዘልላል። ጎማው ከመሬት ሲላቀቅ የመያዝ ኃይሉ ስለሚቀንስ በዳገትና በመታጠፊያ ላይ መንሸራተት ይመጣል። ለሁለቱ ቀናት ሁለት ጊዜ መመላለስ ወይም የጭነት መኪና መከራየት ይሻላል።

በመዝገቡ ላይ ዘወትር የማይወርዱ ነገሮችም ይካተቱ፦ የብረት ፓራውልት፣ የመጎተቻ ዊንች፣ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክና ሁለተኛ ትርፍ ጎማ። እነዚህ የቀን ጭነት ሳይሆኑ የተሽከርካሪው አካል ሆነው ይቆጠራሉ። ከፊት የብረት ፓራውልትና ዊንች ያለው ተሽከርካሪ ከሌለው የተለየ የፊት ሞላ ያስፈልገዋል።

ለ) የሞላውን ጥንካሬ በከረጢት መለካት

የነባሩን ሞላ ጥንካሬ ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ባዶው ተሽከርካሪ ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ የኋላው ከፍታ ከላይ በተገለጸው መንገድ ይለካ። ከዚያም ስድስት የ50 ኪሎ የማዳበሪያ ከረጢቶች፣ ማለትም 3 ኩንታል፣ በትክክል ከኋላው አክስል በላይ ይደርደሩና እንደገና ይለካ። 50 ሚ.ሜ. ወርዶ ከተገኘ፣ 300 ለ50 ሲካፈል 6 ይሆናል። ሁለቱ የኋላ ሞላዎች በአንድነት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 6 ኪሎ፣ እያንዳንዳቸው 3 ኪሎ ይሸከማሉ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ከታወቀ ሻጩ የሚያቀርበውን ማነጻጸር ቀላል ነው። አዲሱ ሞላ በሚሊ ሜትር 4 ኪሎ የሚሸከም ከሆነ፣ ሁለቱ በአንድነት 8 ኪሎ ስለሚይዙ 300 ኪሎ የሚያወርዳቸው 37 ሚ.ሜ. ገደማ ብቻ ነው። ነባሮቹን 100 ሚ.ሜ. የሚያወርድ 600 ኪሎ አዲሶቹን 75 ሚ.ሜ. ያወርዳቸዋል።

ሐ) የማይታለፍ ወሰን

በተሽከርካሪው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት በጠንካራ ሞላ አይጨምርም። ሻንሲው፣ አክስሉ፣ የጎማ ኩሽኔታውና ፍሬኑ እንደ በፊቱ ናቸውና። ጠንካራ ሞላ ከልክ ያለፈ ጭነትን ከዓይን ይሰውራል እንጂ አያስወግድም።

6. የሞላ አመራረጥ

ሁለት ሞላዎች ተሽከርካሪውን እኩል ከፍ ሊያደርጉት፣ ነገር ግን ጠባያቸው ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል። አንደኛው ረጅምና ለስላሳ፣ ሌላው አጭርና ጠንካራ ሊሆን ይችላል። «5 ሳንቲም ያነሣል» የሚል መግለጫ ብቻውን ስለማይበቃ፣ ከሻጩ ሦስት ነገሮች ይጠየቁ፦

ሀ) ሞላው የተሠራለት የዘወትር ጭነት ስንት ኪሎ እንደሆነ፤
ለ) በሚሊ ሜትር የሚሸከመው ኪሎ፤
ሐ) ጭነት የሌለበት የሞላው ርዝመት።

የታወቁ ሞላ ሠሪዎች ምርታቸውን ለቀላል፣ ለመካከለኛና ለከባድ የዘወትር ጭነት ብለው ይከፋፍላሉ። ከላይ በምሳሌ ለተጠቀሰው ማኅበር የሚስማማው ከኋላ መካከለኛው ነው። ከፊት ግን ተጨማሪ ብረት ከሌለ ቀላሉ በቂ ነው። ፊትና ኋላ የግድ አንድ ዓይነት መደብ መሆን የለባቸውም። ይሁን እንጂ በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ ሞላዎች በአንድ ጊዜ ይለወጡ። በሠሪው የሹፌር ጎንና የተሳፋሪ ጎን ተብለው የተለዩ ከሆነም ቦታቸው አይቀያየር።

ጭነቱ በጣም ለሚለዋወጥ ተሽከርካሪ፣ ለስላሳውን ሞላ ሳይለውጡ በኋላው ሞላ ውስጥ የሚገባ በአየር የሚነፋ የጎማ ከረጢት ሌላ አማራጭ ነው። ሲጫን ይነፋል፤ ሲራገፍ አየሩ ይቀነሳል። አየሩ በየጊዜው መታየት ስላለበት ጥንቃቄ ለሚያደርግ ሹፌር ብቻ የሚመከር ነው።

በአካባቢ ጋራዥ ከቧንቧ ቁራጭ፣ ከእንጨት ወይም ከአሮጌ ጎማ ተሠርቶ ከሞላው በላይ ወይም በታች የሚገባ ማስነሻ ግን መወገድ አለበት። ሞላውን አያጠነክርም፤ ሊንሸራተትና ሞላውን ከመቀመጫው ሊያስወጣ ይችላል።

7. የሾክ አብዞርበር አመራረጥ

ሞላ ክብደትን ይሸከማል፤ ሾክ አብዞርበር ደግሞ የሞላውን መወዛወዝ ያረጋጋል። ሾክ ተሽከርካሪን ከፍ አያደርግም። ይሁን እንጂ ምቾት የሚገኘው ወይም የሚጠፋው በእርሱ ነው። ሲመረጥ ሁለት ነገሮች ይታዩ።

ሀ) ርዝመት። አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲንጠለጠል ሾኩ ቀድሞ ተወጥሮ ክብደቱን መያዝ የለበትም። አክስሉ ወደ ላይ ሲወጣም የመምቻው ጎማ ሻንሲውን ከመንካቱ በፊት ሾኩ ተጨምቆ ማለቅ የለበትም። 5 ሳ.ሜ. ከፍ በተደረገ ተሽከርካሪ ላይ ነባሩን ሾክ መተው የመጀመሪያውን ስሕተት ያስከትላል፤ ከልክ በላይ ረጅም ሾክ መግጠም ደግሞ ሁለተኛውን።

ለ) ከሞላው ጋር መስማማት። ጠንካራ ሞላ ተጨምቆ ሲለቀቅ በኃይል ስለሚመለስ መመለሻውን አጥብቆ የሚይዝ ሾክ ይፈልጋል። ለስላሳ ሞላ ላይ ጠንካራ ሾክ ከተገጠመ ግን፣ በተከታታይ ጉድጓዶች ላይ ሞላው ሳይዘረጋ ቀጣዩ ይደርስበታል፤ ተሽከርካሪው ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ተሳፋሪውም ይመታል። ስለዚህ ሞላውና ሾኩ አብረው እንዲሠሩ ተብለው የተዘጋጁ መሆን አለባቸው።

በረጅም የጠጠር መንገድ ሾክ ውስጥ ያለው ዘይት ይግላል፤ አየር ተቀላቅሎበት ሲያረፋም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ናይትሮጅን የተሞላበት ሾክ ይህን ማረፋት ስለሚቀንስ ለእንዲህ ያለው መንገድ ይመረጣል። በውስጡ ብዙ ዘይት የሚይዝ ወፍራም ሾክም ቶሎ አይግልም።

8. ከፍታው የሚያዛባቸውን ማስተካከል

የሞላና የሾክ ግዢ ሲታቀድ የሚከተሉት በአንድ በጀት ውስጥ መያዝ አለባቸው። ለእነዚህ ገንዘብ ካልተገኘ ሥራው ባይጀመር ይሻላል።

ሀ) ካስተር። የፊት ጎማው የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ጋደል ማለቱ ካስተር ይባላል፤ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ እንዲመለስ የሚያደርገው ይህ ነው። በላንድክሩዘር 80 መጠኑ በግምት 3 ዲግሪ ነው። 5 ሳ.ሜ. ከፍ ሲደረግ የፊት ክንዶቹ ስለሚዘቀዝቁ በ2 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ያኔ ተሽከርካሪው በአስፋልት ላይ ይቅበዘበዛል፤ መሪውም አይመለስም። ለዚህ የተሠሩ የካስተር ማስተካከያ ቡሾች ወይም ሳህኖች ተገጥመው ጎማው በመሣሪያ ይለካ።

ለ) የኋላ ፍሬን ቫልቭ። ብዙዎቹ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘና የኋላ ፍሬኑን እንደ ጭነቱ መጠን የሚመጥን ቫልቭ አላቸው። ሻንሲው ከአክስሉ ሲርቅ ቫልቩ «ተሽከርካሪው ባዶ ነው» ብሎ ስለሚቆጥር የኋላ ፍሬኑን ይቀንሳል። ተጭኖ ቁልቁለት በሚወርድ ተሽከርካሪ ላይ ይህ ከባድ አደጋ ነው። የዘንጉ ማሰሪያ በተጨመረው ከፍታ ልክ መስተካከል አለበት።

ሐ) የፍሬን ጎማ ቱቦዎች። አክስሉ እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎ፣ መሪውም ግራና ቀኝ ተዙሮ ቱቦዎቹ ይታዩ። የሚወጠር ቱቦ ካለ በረጅሙ ይለወጥ።

መ) አግድም ዘንግ። አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ዘንግ ከፍታ ሲጨመር አክስሉን በጥቂቱ ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። በ5 ሳ.ሜ. ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ያስፈልጋል። መሪው ቀጥ ብሎ እንዲቆምም የመሪው ዘንግ ይስተካከል።

ሠ) ተሽከርካሪ ዘንጎች። ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻል በሚሄዱት ዘንጎች ላይ አዲስ መንቀጥቀጥ ቢሰማ የመገጣጠሚያዎቹ ማዕዘን በዝቷል ማለት ነውና ሳይዘገይ ይመርመር።

9. የገጠማ ሥራና ክትትል

ሀ) ተሽከርካሪው በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ማንም ከሥሩ አይግባ። ሻንሲው በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ይረፍ። ድንጋይና ጡብ መደገፊያ አይደሉም።

ለ) የጎማ ቡሽ ያለባቸው ቡሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት ተሽከርካሪው በጎማዎቹ ላይ ቆሞ ክብደቱን ሲሸከም ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ቡሹ ዘወትር እንደተጠማዘዘ ስለሚቆይ ቶሎ ይቀደዳል።

ሐ) ከ500 ኪ.ሜ. ጉዞ በኋላ ቡሎኖችና ዳዶዎች ሁሉ እንደገና ይጥበቁ፤ የአራቱ ማዕዘን ከፍታም ተለክቶ ይመዝገብ።

መ) የመጀመሪያው የፍሬን ፈተና ባዶ ሜዳ ላይ በዝግታ፣ ቀጥሎም በጭነት ይደረግ። ሹፌሩ የተሽከርካሪው ጠባይ መለወጡ ይነገረው።

ሠ) በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ጊዜ ችግር እንዳይፈጠር፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚመለከተው የምርመራ ክፍል ይጠየቅ። የግዢና የሥራ ሰነዶችም ከመዝገብ ጋር ይያያዙ።

10. ባሌስትራ ላላቸው ተሽከርካሪዎች

ላንድክሩዘር 60ና የቆዩት የ70 ዓይነቶች በባሌስትራ የሚሠሩ ናቸው። በእነዚህም የጭነት መዝገቡና የከረጢት ልኬቱ ያው ነው። በደከመ ባሌስትራ ላይ አንድ ጠንካራ ቅጠል መጨመር ርካሽ ቢመስልም፣ ቅጠሎቹ ጭነቱን እኩል ስለማይካፈሉ ግልቢያው ይሻክራል፤ አዲሱ ቅጠልም ሊሰበር ይችላል። የባሌስትራውን ማንጠልጠያ በማስረዘም ከፍ ማድረግም የፊቱን ካስተር ስለሚለውጥ አይመከርም። ገንዘብ ሲገኝ ሙሉውን ባሌስትራ ከነቡሾቹና ከነማሰሪያ ቡሎኖቹ በአዲስ መተካት የተሻለ ነው።

11. ማጠቃለያ

የሥራው ቅደም ተከተል በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ጎማ፣ ቡሽና ሾክ ይመርመሩ፤ የአራት ሳምንት የጭነት መዝገብ ይያዝ፤ ነባሩ ሞላ በከረጢት ይለካ፤ ለዘወትሩ ጭነት የሚሆን፣ ከ5 ሳ.ሜ. የማይበልጥ ሞላ ከሚስማማው ሾክ ጋር ይመረጥ፤ የካስተሩና የፍሬኑ ማስተካከያ በአንድ ጊዜ ይሠራ። ምርመራው ሲደረግ የተበላሹት ቡሾችና ሾኮች ብቻ ሆነው ከተገኙ፣ እነርሱን ለውጦ ቀሪውን ገንዘብ ለጥሩ ጎማ ማዋል ይበቃል።

የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ለማኅበራቱ የሥራ አመራር ኮሚቴዎች ሲያስረዱ፣ የከረጢቱን ልኬት ከሹፌሩና ከመካኒኩ ጋር ሆነው በተግባር ቢያሳዩ መልካም ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሜትር፣ ስድስት ከረጢትና ግማሽ ሰዓት ነው። ልኬቱ ክረምቱ ሳይገባ በበጋ ቢደረግ ለመግዛትም ለመግጠምም በቂ ጊዜ ይገኛል።